ሄንሪ ፎርድና የፊት አክስሉ

ከ1908 እስከ 1948 በነበሩት አርባ ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ አገር ፎርድ በሚለው ስም ተሠርተው የወጡት የቤት አውቶሞቢሎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ሞተራቸው ከአራት ሲሊንደር ወደ ስምንት አደገ፤ ፍሬናቸው፣ ካምቢዮአቸውና የአካላቸው ቅርጽም በየጊዜው ተለዋወጠ። ከፊት ኮፈናቸው በታች ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ሁሉም አንድ ዐይነት ነበሩ። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚዘልቅ አንድ ወጥ የብረት አክስል፣ ከእርሱም ጋር በአግድሞሽ እንደ ተገለበጠ ቀስት የተጋደመ አንድ ባሌስትራ ይታይ ነበር። ይህ አሠራር በአንድ ሰው ፈቃድ ገባ፤ ያ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስም ከቦታው አልተነቃነቀም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሄንሪ ፎርድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከሀብቱ ብዛት፣ ከፋብሪካው ስፋት ወይም ለሠራተኛ ከከፈለው ደመወዝ አንጻር ነው። ከዚያ አክስል አንጻር ሲታይ ደግሞ የሰውየው ብልህነትና ግትርነት ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸው ይገለጣል። የዚያን ዘመን አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ፊቱን ዝቅ ለማድረግ በእሳትና በመዶሻ የሚደክም ሰው ሳያውቀው የሚታገለውም ከዚሁ ግትርነት ጋር ነው።

የጭቃ መንገድ ልጅ

ሄንሪ ፎርድ ጁላይ 30 ቀን 1863 በሚሺጋን ግዛት፣ ዲርቦርን በተባለው መንደር አጠገብ በሚገኝ የእርሻ ቤት ተወለደ። አባቱ ዊሊያም ከአየርላንድ ፈልሶ የመጣ ገበሬ ነበር። እናቱ ሜሪ በ1876 ሞተች። በዚያው ዓመት ልጁ ከአባቱ ጋር በጋሪ ሲሄድ፣ ፈረስ ሳይጎትተው በገዛ ኃይሉ በመንገድ ላይ የሚጓዝ የእንፋሎት ሞተር አየ። ይህ ነገር ከልቡናው ሳይጠፋ እስከ ሽምግልናው ድረስ ሲያወሳው ኖረ።

እርሻ የማይወደው ይህ ወጣት በ1879 ወደ ዲትሮይት ሄዶ በብረታ ብረት መሥሪያ ቤቶች ሙያ ተማረ። በ1882 ወደ አባቱ ቤት ተመልሶ፣ ዌስቲንግሀውስ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ተንቀሳቃሽ የእንፋሎት ሞተር ከእርሻ ወደ እርሻ እየነዳና እየጠገነ ይሠራ ጀመር። ከባዱ ሞተር በሚሰምጥበት ጭቃና በሚንገጫገጭበት የጋሪ ቦይ ያሳለፈው ይህ ጊዜ ለኋለኛው ሥራው ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። የገበሬ መንገድ ምን እንደሚመስል፣ ዕቃ የሚሰበረውም የት ላይ እንደሆነ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በእጁ ተማረ።

በ1888 ክላራ ብራያንትን አገባ። በ1891 በዲትሮይት በኤዲሰን የመብራት ኩባንያ በመሐንዲስነት ተቀጠረ፤ በ1893 ዋና መሐንዲስ ሆነ። አንድያ ልጁ ኤድሰል የተወለደውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ቀን ነው። ፎርድ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ካበቃ በኋላ ከቤቱ በስተጀርባ በሚገኝ አነስተኛ ጎጆ ውስጥ ሌሊት እየሠራ፣ በአራት የብስክሌት ጎማዎች ላይ የቆመ ባለ ሁለት ሲሊንደር ተሽከርካሪ አበጀ። ጁን 4 ቀን 1896 ሊያወጣው ሲል በሩ ጠበበውና ግድግዳውን በመጥረቢያ ንዶ ወደ መንገድ አወጣው። ፍጹም ያልሆነውን ሥራ ይዞ ከመቀመጥ ግድግዳ ማፍረስን የመረጠው ይህ ሰው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌሎች እንዲያፈርሱ የለመኑትን ግድግዳ ራሱ ሲጠብቅ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የውድቀት ነበሩ። በ1899 የተቋቋመው የመጀመሪያ ኩባንያው በ1901 ፈረሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በራሱ መኪና ተወዳድሮ አሌክሳንደር ዊንተን የተባለውን ዝነኛ ነጂ በማሸነፉ ስሙ ተነሣ፤ በስሙም ሁለተኛ ኩባንያ ተቋቋመለት። ከባለገንዘቦቹ ጋር ስላልተስማማ ግን በ1902 ለቆ ወጣ፤ ያም ኩባንያ ካዲላክ የሚባለው ሆነ። በመጨረሻ በጁን ወር 1903 በ28,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ፎርድ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ። ባለገንዘቦቹ ትርፍ የሚበዛበትን ውድ መኪና ሲመኙ፣ ፎርድ ገበሬው ሊገዛው የሚችለውን ርካሽ መኪና መሥራት ፈለገ። ክርክሩንም ረታ።

ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ

ኦክቶበር 1 ቀን 1908 ሞዴል ቲ የተባለው መኪና ለገበያ ቀረበ። በዚያ ዘመን ከከተማ ውጭ ያለው የአሜሪካ መንገድ አብዛኛው ያልተነጠፈ፣ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው አፈር ነበር። ስለዚህ መኪናው ከመሬት በጣም ከፍ ማለት፣ ቀላል መሆንና ሳይሰበር መጠማዘዝ መቻል ነበረበት።

ፎርድና ባልደረቦቹ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር። ብዙ ፋብሪካዎች በሻንሲው ግራና ቀኝ በቁመት የተዘረጉ ባሌስትራዎችን ሲጠቀሙ፣ እነርሱ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ብቻ አደረጉ። ሁለቱም በአግድሞሽ ተጋድመው መካከላቸው ከሻንሲው ጋር፣ ጫፎቻቸው ከአክስሉ ጋር ተያያዙ። የፊቱ አክስል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ፣ ከሁለት ጫፎቹ ተነሥተው በሞተሩ ሥር በአንድ ኳስ መሰል መገጣጠሚያ ላይ የሚገናኙ ዘንጎች ያዙት። በዚህ ምክንያት አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወይም ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ ዘንበል ይላል እንጂ ሻንሲው አይጠማዘዝም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ባይስተካከልም እንደማይንገዳገድ ማለት ነው። የብረቱም ምርጫ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ቻይልድ ሃሮልድ ዊልስ የተባለው ባልደረባው በደከመበት፣ ቫናዲየም በተቀላቀለበት ብረት የተሠሩት ክፍሎች ቀጭን ሆነው ሳለ ሳይሰነጠቁ የሚታጠፉ ነበሩ።

መኪናው ከመሬት እስከ ሆዱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። ሃያ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ባለ አምስት መቀመጫው በመጀመሪያ የተሸጠው በ850 ዶላር ነው። ቁመቱ እንደ ሽመላ፣ አረማመዱ እንደ ፍየል ሆኖ፣ ሌሎች መኪናዎች በሬ እየተፈለገላቸው በሚጎተቱበት ጭቃ ውስጥ እየተንገዳገደ ያልፍ ነበር። ለ1908 መንገድ ከዚህ የተሻለ መልስ አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1913 ፎርድ በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መሥመር ሲጀምር፣ አንድን ሻንሲ ለመገጣጠም ይወስድ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። በጃንዋሪ ወር 1914 የሠራተኛውን የቀን ክፍያ ወደ አምስት ዶላር ከፍ አደረገ። የመኪናው ዋጋም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄዶ፣ በ1925 ባለ ሁለት መቀመጫው በ260 ዶላር ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ የተቻለው ንድፉ ስላልተለወጠ ነው። እያንዳንዱ የማተሚያ ቅርጽ፣ እያንዳንዱ የመብሻ መኪና ለአንድ ዐይነት አክስል፣ ለአንድ ዐይነት ባሌስትራ የተሠራ በመሆኑ፣ ወጪው በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዕቃዎች ይከፋፈላል። አለመለወጥ ለፎርድ ስንፍና ሳይሆን ሥሌት ነበር። ሥሌት ሆኖ የጀመረ ነገር ሃይማኖት ወደ መሆን የተሸጋገረው መቼ እንደሆነ ለይቶ መናገር ግን አስቸጋሪ ነው።

የተሰባበረው ቀይ መኪና

ምናልባት አንዱ ምልክት በ1912 የተፈጸመው ነገር ሳይሆን አይቀርም። በኩባንያው ውስጥ የነበሩ ሰዎች እንደተረኩት፣ ፎርድ ቤተሰቡን ይዞ አውሮፓን ሲጎበኝ የቅርብ ባልደረቦቹ ሊያስደስቱት አስበው አንድ አዲስ ናሙና ሠሩ። ከሞዴል ቲ ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለና በጉዞ ላይ የሚለሰልስ፣ በሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም የተቀባ መኪና ነበር። ፎርድ ተመልሶ ባየው ጊዜ እጆቹን በኪሱ ከትቶ ብዙ ጊዜ ዞረው። ከዚያም በሩን ይዞ ነቀለው፤ የፊት መስታወቱን ሰበረው፤ አንድም ቃል ሳያብራራ መኪናውን በእጁና በእግሩ አፈራርሶ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ሞዴል ቲን ዝቅ ስለ ማድረግ በፊቱ ለመናገር የሚደፍር ሰው ጥቂት ሆነ።

በዚህ መካከል ገበሬው በራሱ መንገድ መኪናውን ይለውጠው ነበር። የኋላውን ወንበር ነቅሎ የእንጨት ሣጥን በመግጠም ድንች፣ ወተትና የእንስሳት መኖ ይጭንበታል። ፎርድ ይህን አይቶ በ1917 አንድ ቶን የሚጭን ሻንሲ አወጣ። ከዚያም ኤፕሪል 15 ቀን 1925 ከኋላው የብረት የጭነት ሣጥንና ጠንከር ያለ ባሌስትራ የተገጠመለትን ባለ ሁለት መቀመጫ በ281 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በፋብሪካው ተሠርቶ የወጣ የመጀመሪያው የፎርድ ፒክአፕ ይህ ነው። ከፊት በኩል ግን ያው የ1908 አክስልና ያው አግድም ባሌስትራ ነበር።

ፒክአፑ በወጣበት ጊዜ ጥያቄው ራሱ ተለውጧል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የፎርድ መኪናዎች የገዙ ሰዎች መንገድ እንዲሠራላቸው መንግሥትን ወተወቱ። በ1916 የፌዴራሉ መንግሥት ለመንገድ ሥራ የገንዘብ ርዳታ የሚሰጥበት ሕግ ወጣ፤ በ1919 የኦሬጎን ግዛት በነዳጅ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጭቃው እየተነጠፈ፣ ፍጥነትም እየጨመረ ሄደ። ከፍ ብሎ መቆም ያስከብር የነበረ መኪና በተነጠፈ መንገድ ላይ በኩርባ የሚጋደልና የሚያንገላታ ሆነ። የጭቃውን መንገድ ያጠፋው በአብዛኛው የፎርድ መኪና ነው፤ ለጭቃ የተሠራውን አክስል ግን ፎርድ አልለወጠም።

አባትና ልጅ

ከ1919 ጀምሮ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በስም ኤድሰል ፎርድ ነበር። ኤድሰል ጸጥ ያለ፣ ሥዕልና ቅርጽ የሚወድ፣ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። የመኪና ውበት ዝቅ ባለና በተዘረጋ መስመር ላይ እንደሚገኝ ያምን ነበር። አባቱ ግን ሥልጣኑን በስም ሰጥቶ በተግባር አልለቀቀም። በ1926 የኤድሰል የቅርብ ወዳጅና የኩባንያው ባለሥልጣን የነበረው ኧርነስት ካንዝለር፣ ሞዴል ቲ ጊዜው ስላለፈበት በአዲስ መኪና መተካት እንዳለበት በአክብሮት ጽፎ ለሄንሪ ፎርድ አቀረበ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ካንዝለር ከሥራው ተሰናበተ።

ገበያው ግን የሚሰናበት ሠራተኛ አልነበረም። ሼቭሮሌ በሽያጭ እየገሰገሰ መጣ። ሜይ 26 ቀን 1927 ዐሥራ አምስት ሚሊዮነኛው ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ሲወጣ አባትና ልጅ አብረው ተቀምጠውበት ወጡ፤ ሥራውም በዚያው ቆመ። በዲሴምበር ወር ሞዴል ኤ ተተካ። የአካሉ ቅርጽ የኤድሰል እጅ ያረፈበት ስለሆነ ዝቅ ያለና ያማረ ነበር። ባለ አርባ የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ በአራቱም ጎማዎች ላይ ፍሬንና ሾክ አብዞርበር ነበረው። በ1932 ደግሞ ፎርድ 65 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ወጥ ቀልጦ በፈሰሰ ብረት ሠርቶ ብዙ ሕዝብ በሚችለው ዋጋ ሸጠ። ዕድሜው ወደ ሰባ እየተጠጋ ሳለ፣ ሌሎች አይቻልም ያሉትን ያደረገበት ይህ ሥራ የምሕንድስና ችሎታው እንዳልደከመ ያስመሰክራል። ግትርነቱ የመጣው ካለማወቅ አልነበረም ማለት ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን እምቢ አለ። አንደኛው በዘይት ግፊት የሚሠራው ፍሬን ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሲቀበሉት እርሱ በብረት ዘንግ ብቻ በመተማመኑ እስከ 1939 ሞዴል ድረስ አዘገየው። ሁለተኛው የፊት አክስሉ ነው። በ1934 ጄኔራል ሞተርስ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነሡበትንና የሚወርዱበትን አሠራር አወጣ። በዚህ ሥራ የደከመው ከሮልስ ሮይስ የመጣው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ነበር። ኦሊና ባልደረቦቹ እንደተገነዘቡት፣ ተሳፋሪው እንዲመቸው የፊት ባሌስትራ ሊለሰልስ ይገባል፤ በአንድ ወጥ አክስል ላይ ግን ባሌስትራው ሲለሰልስ ጎማዎቹ በፍጥነት ጊዜ እየተወዛወዙ መሪውን ያንቀጠቅጡታል። መድኃኒቱ አክስሉን ማለዘብ ሳይሆን ማስወገድ ነው። ፎርድ ግን በ1935 ባሌስትራውን ከአክስሉ ላይ አንሥቶ ወደ ፊቱ በማውጣትና ሞተሩን ወደ ፊት በማስጠጋት ጥቂት ማሻሻያ አደረገ እንጂ መሠረቱን አልነካም።

ኤድሰል የፈለገውን በፋብሪካው መሥመር ላይ ማስገባት ሲያቅተው በትንሹ ለራሱ አሠራ። ንድፍ አውጪው ዩጂን ግሪጎሪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለኤድሰል መሬት የሚልሱ የሚመስሉ፣ ዝቅ ያሉ ልዩ የሽርሽር መኪናዎችን አበጀለት። ከዚሁ ፍቅር በ1939 ሊንከን ኮንቲኔንታል የተባለው መኪና ተወለደ፤ ውበቱ እስከ ዛሬ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዚያ ውብ አካል ሥር እንኳ የአባቱ አግድም ባሌስትራ ተጋድሞ ነበር።

በእሳትና በመዶሻ

አባትና ልጅ በዚህ ሳይስማሙ ሳለ፣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወጣቶች ማንንም ሳያስፈቅዱ ሥራውን ጀመሩ። እነዚህ ወጣቶች አሮጌ ሞዴል ቲ፣ ሞዴል ኤና ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርዶችን፣ ፒክአፑንም ጭምር፣ በርካሽ እየገዙ ሙሮክ በተባለው የደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ለፍጥነትም ለመልክም የመኪናውን ፊት ዝቅ ማድረግ ፈለጉ።

የፊቱን ከፍታ ለመቀነስ ሦስት መንገዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ከባሌስትራው አንዳንድ ቅጠሎችን መንቀል ነው። ይህ ቀላል ቢሆንም ባሌስትራው የመሸከም ኃይሉን ያጣል፤ አክስሉም ጉድጓድ ላይ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው የዋናውን ቅጠል ሁለት ጆሮዎች በተቃራኒ አቅጣጫ መጠቅለል ነው፤ ትርፉ ከጆሮው ውፍረት አያልፍም። ሦስተኛውና ትክክለኛው መንገድ አክስሉን ራሱን መቀየስ ነበር። ሁለት ጫፎቹን በእሳት አግሎ ወደ ላይ ማጠፍ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጎማዎቹ ባሉበት ከፍታ ይቆማሉ፤ የአክስሉ መካከል፣ ባሌስትራውና ሻንሲው ግን አብረው ይወርዳሉ። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት ስለማይቀንስ የባሌስትራው እንቅስቃሴም ሆነ ጥንካሬ እንደ ነበረ ይኖራል።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የፊት ጎማ የሚዞርበት ፔርኖ ከላይ ወደ ኋላ ጥቂት ጋደል ያለ ሲሆን፣ መሪው ከዞረ በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታው የሚመለሰው በዚህ ማዕዘን ምክንያት ነው። የሞዴል ኤ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 103.5 ኢንች ስለሆነ፣ ፊቱ ብቻ በ3 ኢንች ሲወርድ ሻንሲው ከ1.6 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት ያዘነብላል። አክስሉን የያዙት ዘንጎች ከሻንሲው ጋር ስለሚያዘነብሉ ፔርኖው ከማዕዘኑ ይህኑ ያህል ያጣል፤ መኪናውም በፍጥነት ጊዜ ይቅበዘበዛል። ይህ ካልታረመ ዝቅ ማለቱ ጌጥ ሳይሆን አደጋ ነው። እንደዚሁም የጎማው እግር ከአክስሉ አንጻር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ከአክስሉ መያዣ ዘንጎች ጋር እንዳይጋጭ ክንዶቹን ወደ ታች ማጠፍ ያስፈልጋል። የጋለው ብረት በቀስታ እንዲቀዘቅዝ፣ በታጠፈበትም እንዳይሳሳ መጠንቀቅ ግድ ነው። ዛሬም የዚያን ዘመን ፒክአፕ ዝቅ የሚያደርግ ባለሙያ የሚከተለው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ይህን ሁሉ ማጠፍና መቀየስ የተቻለው የፎርድ አክስል በጥሩ ብረት በመዶሻ ኃይል ተቀጥቅጦ የተሠራ በመሆኑ ነው። ፎርድ አክስሉን ዝቅ እንዳያደርጉ ባልደረቦቹን ከለከለ፤ የመረጠው ብረት ግን የማያውቃቸውን ወጣቶች አልከለከለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የፎርድ ግትርነት በብረት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ1920ዎቹ ዓመታት ባለቤት በሆነበት ጋዜጣ በአይሁድ ሕዝብ ላይ ጥላቻ የሚነዛ ጽሑፍ ለዓመታት አሳትሞ፣ በ1927 በይፋ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገዷል። የሠራተኛ ማኅበርንም አጥብቆ ይጠላ ስለነበር ሜይ 26 ቀን 1937 የኩባንያው ጥበቃዎች በሩዥ ፋብሪካ በር ላይ የማኅበሩን ሰዎች ክፉኛ ደበደቡ። ከማኅበሩ ጋር ውል የተፈረመው ሌሎቹ ትላልቅ ኩባንያዎች ከፈረሙ ከዓመታት በኋላ፣ በ1941 ነው።

ኤድሰል በእነዚህ ዓመታት በአባቱና በዘመኑ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ሊያስታርቅ ደከመ። የሆድ ዕቃ ሕመም ያዘው፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሜይ 26 ቀን 1943፣ ከአባቱ ጋር በመጨረሻው ሞዴል ቲ ተቀምጦ ከወጣ ልክ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ በ49 ዓመቱ ዐረፈ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አባት እንደገና የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ያዘ። ኃይሉ ግን ደክሞ፣ አእምሮውም ዝሎ ነበር። በሴፕቴምበር ወር 1945 በቤተሰቡ ግፊት ሥልጣኑን ለልጅ ልጁ ለዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ አስረከበ።

ኤፕሪል 7 ቀን 1947 የሩዥ ወንዝ ሞልቶ የቤቱን የኤሌክትሪክ ኃይል አቋርጦት ነበር። በወጣትነቱ የዲትሮይትን መብራት ሲጠብቅ የኖረው ዋና መሐንዲስ በዚያ ሌሊት በሻማና በኩራዝ ብርሃን፣ በ83 ዓመቱ ሞተ።

በጁን ወር 1948፣ ማለት ከሞተ ከዐሥራ አራት ወር በኋላ፣ አዲሱ የ1949 ፎርድ ለሕዝብ ታየ። ከፊት በኩል አክስሉ የለም፤ አግድሙ ባሌስትራም የለም። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በራሱ ሞላ ላይ ቆሞ ለብቻው ይንቀሳቀስ ነበር። መኪናውም ከቀድሞዎቹ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። በፒክአፑ ላይ አግድሙ ባሌስትራ በ1942 ሞዴል በሁለት ቁመታዊ ባሌስትራዎች ቢተካም፣ አንድ ወጥ አክስሉ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ቆይቶ በ1965 ሞዴል ተለወጠ።

የሄንሪ ፎርድ የፊት አክስል መጥፎ ሥራ አልነበረም። ለተሠራበት መንገድ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የሚበልጥ፣ ቀላል፣ ርካሽና የማይሰበር ነበር። ስሕተቱ መንገዱ ሲለወጥ ጥያቄውን እንደገና አለመጠየቁ ነው። አንድ የምሕንድስና መልስ የሚኖረው ጥያቄው እስካለ ድረስ ነው፤ መልሱ የተዋጣለት ሲሆን ግን ጥያቄውን ራሱ እየለወጠው ይሄዳል። ይህን በመጀመሪያ ማየት የሚገባው መልሱን ያገኘው ሰው ነው፤ ለማየት ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረውም እርሱ ነው። ፎርድ በ1896 ጎጆው ሲጠበው ግድግዳውን የናደው ገና ምንም ስላልነበረው ነበር። በኋላ ከዐሥራ አምስት ሚሊዮን መኪናዎች የተሠራ ግድግዳ ሲቆምለት መጥረቢያውን ለማንሣት አልቻለም። መጥረቢያውን ከእጁ ሊቀበለው የሚገባ ልጅ አጠገቡ ነበረ፤ አባቱ ግን አላስረከበውም።